ስድስት ገጽ ደንብ ያለው የኬሚስትሪ ኮርስ፦ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለከፍተኛ ኬሚስትሪ ኮርስ ተመዝግቤያለሁ። ትምህርት ሳይጀመር ስድስት ገጽ ደንብ ሰጡንና ከወላጅ ጋር ፈርማችሁ መልሱ አሉን። ዳታ በእስክሪብቶ ብቻ ይጻፋል፣ የሌላ ቡድን ዳታ መውሰድ ኩረጃ ነው፣ የመከላከያ መነፅር ያወለቀ ከላብ (ከቤተ ሙከራ) ይወጣል፣ ያመለጠ ላብ አይካካስም፣ ስሌቱ ያልታየ መልስ ማርክ የለውም፣ ያረፈደ ሪፖርት ዜሮ ነው ይላል። በዚያ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የአዮኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) ዝርዝር በቃላችን እንፈተናለን። አምና ኬሚስትሪ 96 ነው ያመጣሁት፣ ያውም ብዙ ሳላጠና። ይሄ ሁሉ ሕግ ግን አስፈራኝ። መምህሩ ተማሪ ለመቀነስ የጻፉት ነው የመሰለኝ። ኮርሱን ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ? ከወሰድኩስ እንዴት ልዘጋጅ?»

ምላሽ፦ እንኳን ደስ አለሽ፤ 96 ቀላል አይደለም። ግን ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ስድስቱ ገጽ ሳይሆን «ብዙ ሳላጠና» ያልሻት ነገር ናት። ቆይቼ እመለስባታለሁ።

ይህን ኮርስ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀትም ጽፌ አስፈርሜያለሁ፤ የእኔ አራት ገጽ ነበር። ለተማሪዎቼ የእስር ቤት ደንብ ይመስላቸው እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። «አይቻልም» የሚለውን እንጽፋለን፤ «ለምን» የሚለውን እንዘለዋለን። ለምኑ ሲጨመርበት ግን አብዛኛው ሕግ ራሱ ኬሚስትሪው ሆኖ ታገኚዋለሽ። የማልስማማበትም አለ፤ እሱንም አልደብቅሽም።

በእስክሪብቶ ከሚለው ልጀምር፤ ተማሪ በጣም የሚናደድበት እሱ ነውና። የላብ ደብተር ገጹ ተቆጥሮበታል፤ አይገነጠልም። ስትሳሳቺ አትደልዢውም፤ አንድ ሰረዝ ብቻ ታሰምሪበታለሽ። ከሥር ያለው ቁጥር መነበብ አለበት። ለምን ቢባል፣ ዛሬ ስሕተት የመሰለሽ ቁጥር ነገ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለዚህ የምወደው ታሪክ የሎርድ ሬይሊ ነው። እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሰው ነው። አንድ ሊትር ናይትሮጅን ስንት ግራም እንደሚመዝን ይለካ ነበር። ከአየር ላይ ኦክስጅኑን አስወግዶ ያገኘው ናይትሮጅን 1.257 ግራም ገደማ መዘነ። ከኬሚካል ውህዶች ያዘጋጀው ደግሞ 1.251 ገደማ። ልዩነቱ ግማሽ በመቶ ቢሆን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ሚዛኑ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ደጋግሞ ለካ፤ ልዩነቱም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1892 ኔቸር ለተባለው መጽሔት ደብዳቤ ጻፈና ምክንያቱን የሚያውቅ እንዲነግረው ጠየቀ፤ አንቺ እኔን እንደጠየቅሽኝ ማለት ነው። በ1894 ከዊሊያም ራምሴ ጋር ሆነው መልሱን አገኙት። ከአየር የመጣው ናይትሮጅን ውስጥ እስከዚያ ማንም የማያውቀው ከበድ ያለ ጋዝ ተደባልቆ ኖሯል። አርጎን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ፤ ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምሴ በኬሚስትሪ።

እስቲ ሬይሊ ቁጥሮቹን ወደ አንድ አስርዮሽ ቤት አጠጋግቷቸው ቢሆንስ? 1.3 እና 1.3። አርጎን በቃ፣ ጠፋ። «ጉልህ አሃዞችን ያልጠበቀ መልስ ማርክ ይቀነስበታል» የሚል መስመር ወረቀትሽ ላይ ሳይኖር አይቀርም። አምባገነንነት እንዳይመስልሽ። ቁጥሩ ላይ ያሉት አሃዞች መሣሪያሽ ምን ያህል አጥርቶ እንዳየ ይናገራሉ። ሲበዙ ያላየሽውን አየሁ ማለት ነው፤ ሲያንሱ ያየሽውን መጣል።

የራሴንም ልንገርሽ፤ የምኮራበት አይደለም። ተማሪ እያለሁ ታይትሬሽን ሠራን፤ ቡሬት ከሚባል ልኬት ካለው ቱቦ መፍትሔ ወደ ፍላስክ እያንጠባጠቡ ቀለሙ እስኪቀየር የሚጠብቁበት ሙከራ ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተቀራረቡ፤ የመጀመሪያው ግን ከሁለቱም አንድ ሚሊ ሊትር ያህል በለጠ። አስቀያሚ ነው ብዬ በላጲስ አጠፋሁትና ከሌሎቹ የሚቀራረብ ቁጥር ጻፍኩ። ሪፖርቴ አማረ። መምህሬ ሲያዩት ዝም ብለው ቆዩና «ቡሬቱን ስትሞላ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ነበር። መጀመሪያ ላይ አይቼው ነበር። ሙከራው መሀል አረፋው ወጥቶ ቦታውን ፈሳሽ ሲሞላው፣ ቡሬቱ ላይ የሚነበበው መጠን ፍላስኩ ውስጥ ከገባው ይበልጣል። ያጠፋሁት ቁጥር ያ አረፋ የተመዘገበበት ብቸኛው ቦታ ነበር። ብጽፈውና «አረፋ ነበር፣ ስለዚህ ከአማካዩ አወጣሁት» ብል ሙሉ ማርክ ባገኘሁ። እንዴት እንዳወቁብኝ ያኔ ይገርመኝ ነበር፤ አሁን ራሴ መምህር ስሆን ምንም አይገርምም።

የሌላ ቡድን ዳታ መውሰድም እንዲሁ ይታወቃል። ከቡሬት የሚወርድ አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቡሬቱ የሚነበበው ደግሞ እስከ መቶኛው ድረስ ነው፤ 23.47 እንደማለት። ሁለት ቡድኖች በሦስቱም ሙከራ እስከ መቶኛው ድረስ አንድ ዓይነት ቁጥር ካመጡ ማንም አያምናቸውም። መምህሩ ማንንም ሳይጠይቁ ይገባቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግን አጣሪ። ከጠረጴዛ ጓደኛሽ ጋር አብራችሁ የለካችሁት ዳታ የጋራችሁ ነው። ስሌቱና ትንታኔው ነው በየግል የሚጻፈው። ብዙ ልጅ ሳያውቀው የሚያዘው በዚህ ነው። ሪፖርቱን አንዱ ይጽፈዋል፣ ሌላው ስም ይቀይርበታል። ያ ኩረጃ ነው፤ ምንም ሌላ ስም የለውም።

ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስም ደንቡ አንድ ነገር ሳይል አይቀርም። እኔ ተማሪዎቼን የት እንደተሳሳቱ እንዲጠይቁት እፈቅድላቸዋለሁ። ሪፖርት ሲያጽፉት ግን አነባለሁና ይስቀኛል። ማሽኑ ጠረጴዛችሁ ላይ አልነበረም። ፈሳሹ ሁለት ጠብታ አልፎ ደማቅ ሮዝ እንደሆነባችሁ አያውቅም። ስለዚህ «የስሕተት ምንጭ» ሲባል «የሰው ስሕተት ሊኖር ይችላል» ብሎ ይጽፋል። የቱ ሰው? ምን አድርጎ?

መነፅሩ ላይ አልከራከርሽም። ማውለቅ የሚቻለው የመጨረሻው ቡድን ሠርቶ አጽድቶ ሲጨርስ ነው። «የእኔ ሙከራ አልቋል» የሚል ልጅ ሁሌም አለ። የጎረቤቱ አላለቀማ! የሚረጨው አሲድ የማን ሙከራ እንደሆነ አይጠይቅም። ዓይን ውስጥ ኬሚካል ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ ይታጠባል። አንድ ጊዜ 15 ደቂቃ ቆጥረሽ እዪው፣ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ። ከዚያ መነፅሩ አይከብድሽም።

«አሲድን ወደ ውኃ እንጂ ውኃን ወደ አሲድ አትጨምሩ» የሚለውም በቃል የሚሸመደድ መፈክር ሆኖ ቀርቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲድ ከውኃ 1.84 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ብዙ ሙቀት ይለቃል። ውኃውን ከላይ ካፈሰስሽበት ውኃው ላዩ ላይ ይቀራል፣ እዚያው ይፈላል፣ አሲዱን ይዞ ይረጫል። አሲዱን ቀስ እያልሽ ወደ ብዙ ውኃ ስታፈሺ ግን ይሰምጣል፣ ሙቀቱን ውኃው ይከፋፈለዋል።

ስለ ጓንት ደግሞ፣ ጓንት አደረግሁ ማለት ተጠበቅሁ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በዳርትማውዝ ኮሌጅ ትሠራ የነበረችው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን ጥቂት ጠብታ ዳይሜቲልሜርኩሪ (በጣም መርዛማ የሜርኩሪ ውህድ) ጓንቷ ላይ ፈሰሰባት። ጓንቱ ላቴክስ ነበር። ፈሳሹ በፍጥነት አልፎት ገባ። በ1997 ሞተች። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አትነኪም፤ ለማስፈራራትም አይደለም የምነግርሽ። ከላብ በፊት የሚሰጠው ዝግጅት ጥያቄ ውስጥ «የምትጠቀሙበት ኬሚካል ጉዳቱ ምንድን ነው?» የሚል አለ። ልጆች ከጓደኛ እየገለበጡ የሚሞሉት እሱን ነው። እያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ ጠባይ አለው፤ እሱን ሳያውቁ ጠረጴዛው ጋ መቆም አያስኬድም። የቀሩትን፣ ማለትም የተከፈተ ጫማ፣ የተለቀቀ ጸጉር፣ ምግብ፣ ያንን ሁሉ ታውቂዋለሽ። አንዲት ብቻ ልጨምር። የጋለ ብርጭቆና የቀዘቀዘ ብርጭቆ ሲታዩ አንድ ናቸው። በየዓመቱ አንድ ልጅ ይረሳዋል።

ያመለጠ ላብ ለምን አይካካስም? ይሄኛው ጭካኔ ይመስላል፤ ግን መምህርሽ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ምን እንደሠሩ አስቢው። መፍትሔ አዘጋጅተዋል፣ መጠኑን አጣርተዋል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አየር ላይ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ መጠኑ ይወርዳል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ራሱን በራሱ እየፈረሰ ይሄዳል። የዛሬ ሳምንት ብትመጪ የምትለኪው ያንን መፍትሔ አይደለም። ላብ ላይ ደግሞ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ልጅ ለብቻው አይለቀቅም። ቢሆንም ሕመም አለ፣ ሐዘን አለ። አብዛኞቻችን ለእንዲህ ያለው ወይ የሌላ ቡድን ዳታ በግልጽ ምንጩ ተጠቅሶ እንሰጣለን፣ ወይ ያንን ላብ ከውጤቱ አማካይ እናወጣለን። ደንቡ ላይ ካልተጻፈ ጠይቂ።

አሁን ወደማልስማማበት። ያረፈደ ሪፖርት በአንድ ቀን ዜሮ መሆኑ አይገባኝም። እኔም መጀመሪያ እንዲህ ነበርኩ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ተማሪው ዜሮ መሆኑን ሲያውቅ ጭራሽ አለመጻፉ ነው። ሪፖርት ደግሞ የሚጻፈው እኔ እንዳርመው ብቻ አይደለም፤ ልጁ ያየውን የሚረዳው ሲጽፈው ነው። ስለዚህ በቀን 10 በመቶ መቀነስ ጀመርኩ፤ የታረመው ለክፍሉ ከተመለሰ በኋላ ግን በቃ። መምህርሽ ሌላ ሚዛን ይኖራቸዋል፤ ክፍላቸው ነው። አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው። በዚህ ኮርስ መዘግየት በራሱ ይከመራል። ሞል (ቅንጣቶች የሚቆጠሩበት አሃድ) ያልገባው ስቶይኪዮሜትሪ (ምን ያህሉ ከምን ያህል ጋር እንደሚዋሃድ የሚሰላበት) ላይ ይወድቃል። ስቶይኪዮሜትሪ የጎደለው ኢኩሊብሪየም (ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ ለውጥ የሚረጋበት ሚዛን) ላይ ይቸገራል። ኢኩሊብሪየም ያልያዘ አሲድና ቤዝ ሲመጣ በየትኛውም በኩል መግቢያ ያጣል። የታሪክ ትምህርት ላይ አንድ ምዕራፍ ቢያመልጥሽ የሚቀጥለውን ማንበብ ትችያለሽ። እዚህ አትችይም።

«ስሌቱ ያልታየ መልስ ማርክ የለውም» ያሉት ደግሞ ለአንቺ ጥቅም ነው፤ ስታነቢው በተቃራኒው ቢመስልም። እንዲህ ብለው ጠየቁሽ እንበል። 0.10 ሞላር አሴቲክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ስንት ነው? አንዱ «1» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ደካማ አሲድ መሆኑን ያስተውላል፣ የኢኩሊብሪየሙን እኩልታ ይጽፋል፣ የማይታወቀውን በፊደል ያስቀምጣል፣ መጨረሻ ላይ ካልኩሌተር ሲነካ ይሳሳትና እሱም «1» ያገኛል። መልሱ 2.9 ገደማ ነው፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ግን አንዱ አሲዱን ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር አምታቶታል፤ ሌላው ኬሚስትሪውን አውቆ ቁልፍ ነው የሳተው። ለሁለተኛው አብዛኛውን ማርክ እሰጠዋለሁ። ወረቀቱ ላይ «1» ብቻ ካለ ግን ልዩነቱን በምን ላይ? ደግሞ ያ ልጅ ቆም ብሎ ቢያስብ ራሱን ማረም ይችል ነበር። ከመቶ ሞለኪውል አንዱ ገደማ ብቻ የሚፈታ አሲድ፣ ሙሉ በሙሉ ከሚፈታው ጋር እኩል ፒኤች ሊኖረው አይችልም።

ያቺ «ብዙ ሳላጠና» ደግሞ እዚህ ላይ ትመጣለች። አምና የተጠየቅሽው «ይህን እኩልታ አመጣጥኚ፣ ስንት ግራም ይወጣል?» ነው። ብልህ ልጅ ክፍል ውስጥ አዳምጣ ብቻ ትመልሰዋለች። ዘንድሮ የሚጠየቀው «ዝቃጩን (ከመፍትሔው ተለይቶ የወረደውን ጠጣር) ሰበሰብሽ፣ መዘንሽ፣ ከሚጠበቀው 112 በመቶ ሆነ። እንዴት?» ነው። ከሌለ ነገር ነገር አይፈጠርም። ምናልባት ዝቃጩ አልደረቀም፤ ውኃውን አብረሽ መዝነሻል። ምናልባት በደንብ አልታጠበም፤ ሌላ ጨው ይዟል። የትኛው እንደሆነ በምን ትለያለሽ? መልሱ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ መስመር አልተጻፈም። ማታ ላይ ቸክለሽ የምትገቢበት ፈተና አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከ96 ወርደሽ 70 ብታመጪ እንዳትደነግጪ። ጎበዝ የሚባሉት ናቸው መጀመሪያ የሚደነግጡት፤ ወድቀው ስለማያውቁ። እኔ የማየው ከዚያ በኋላ የሚያደርጉትን ነው። አንዳንዱ ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ሌላው የሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ይሠራል። ይህ ሁለተኛው ልጅ ዓመቱ ሲያልቅ የት እንደሚደርስ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሜ አውቃለሁ።

በጊዜ ደረጃ ከክፍል ውጭ በቀን አንድ ሰዓት ያህል አስቢ፤ የላብ ሪፖርት ያለበት ሳምንት ከዚያ ይበልጣል። ቅዳሜ ቀን ሰባት ሰዓት መቀመጥ ተመሳሳይ አይደለም። አንድ ከባድ ጥያቄ ማታ ይዘሽው ተኝተሽ ጠዋት ሲፈታልሽ ታያለሽ፤ ያንን ለቅዳሜ ብቻ ያቆየ ሰው አያገኘውም። ሌላ ትልቅ ነገር፣ ስፖርትም ይሁን ሁለት ሌላ ከባድ ኮርስ፣ ከያዝሽ ከመፈረምሽ በፊት የሳምንትሽን ሰዓት ወረቀት ላይ አስፍሪና እዪው።

ዝግጅቱን በሒሳቡ ጀምሪ። ተማሪዎቼን ከኬሚስትሪው ይልቅ የሚጥላቸው አልጀብራው ነው። አንድ እኩልታ ሰጥተውሽ የፈለግሽውን ፊደል ለብቻው ማውጣት መቻል አለብሽ፤ ቁጥር ሳታስገቢ። የአስር ርቢዎችን ልመጂ፤ 6.022 × 10²³ን በካልኩሌተር በትክክል መጻፍ የማይችል ልጅ ስንት እንዳየሁ! ሎጋሪዝምም አለ። ፒኤች 3 ከፒኤች 5 በሁለት ብቻ የሚለይ ይመስላል፤ በሃይድሮጅን አዮን መጠን ግን 100 እጥፍ ነው። ይህ ወዲያው ትርጉም ከሰጠሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ስሌት ስትሠሪ ደግሞ መሀል ላይ አታጠጋጊ፤ ቁጥሩን ካልኩሌተሩ ውስጥ ይዘሽው ሂጂና መጨረሻ ላይ ብቻ።

ወደ አዮኖቹ። «ሁሉም ስልኬ ላይ አለ፣ ለምን በቃሌ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በእያንዳንዱ ፊደል እየቆመ ቢያነብ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። የናይትሬትን ቻርጅ በየመስመሩ የምትፈልጊ ከሆነ ጥያቄው ምን እንደነበር ይጠፋብሻል። ደግሞ ዝርዝሩ የሚመስለውን ያህል ረጅም አይደለም፤ ሥርዓት አለው። ሰልፌት አራት ኦክስጅን አለው፣ ሰልፋይት ሦስት፤ የሁለቱም ቻርጅ ነጋቲቭ ሁለት ነው። ናይትሬት ሦስት፣ ናይትራይት ሁለት፤ ቻርጃቸው ነጋቲቭ አንድ። «ኤት» ወደ «አይት» ሲቀየር አንድ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ቻርጁ ግን ባለበት ይቆያል። የክሎሪን ቤተሰብ ላይ ደግሞ ደረጃው ሙሉ ነው፦ ፐርክሎሬት አራት፣ ክሎሬት ሦስት፣ ክሎራይት ሁለት፣ ሃይፖክሎራይት አንድ። ከዚህ ጋር ስድስቱን ብርቱ አሲዶች ያዢ፦ ሃይድሮክሎሪክ፣ ሃይድሮብሮሚክ፣ ሃይድሮአዮዲክ፣ ናይትሪክ፣ ሰልፈሪክ፣ ፐርክሎሪክ። ከእነዚህ ውጭ የሚያጋጥምሽን አሲድ ደካማ ነው ብለሽ ብትነሺ እምብዛም አትሳሳቺም።

ልውሰድ ወይ ላልሽው፣ በእኔ አስተያየት ውሰጂ። ያመጣሽው 96 አይደለም ምክንያቴ። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አንብበሽ «ለምን?» ብለሽ መጠየቅሽ ነው፤ አብዛኛው ልጅ መጨረሻውን ገጽ ገልጦ ይፈርማል። አልጀብራው በጣም ከከበደሽና በሳምንት ያንን ሰዓት ከየትም ማግኘት ካልቻልሽ ግን በሚቀጥለው ዓመት ብትወስጂው ምንም ነውር የለውም።

ከመፈረምሽ በፊት መምህሩን ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። አንደኛ፣ ከፈተና በኋላ የሳትኩትን አርሜ ከመለስኩ የተወሰነ ማርክ ይመለስልኛል? ሁለተኛ፣ ከክፍል ውጭ ጥያቄ ይዤ የምመጣበት ሰዓት መቼ ነው? የመጀመሪያውን «አይሆንም» ቢሉሽ እንኳ መኖር ይቻላል። የሁለተኛውን መልስ ግን ደብተርሽ ላይ ጻፊው፤ ሳትቸገሪ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሂጂ። ዝርዝሩን ደግሞ ዛሬ ጀምሪው፣ በቀን ስምንት አሥር አዮን ይበቃል። ክሎሬትንና ክሎራይድን ብቻ ቀድመሽ ለይተሽ ያዢ፤ በዚያች ፈተና ብዙ ማርክ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው።